ለከባድ ሰው የሚሆን ብስክሌት

ብስክሌት ሰውን ይሸከማል ይባላል። ውሸት ነው። ብስክሌትን የሚሸከመው ሰው ነው። ይህን የምለው መጽሐፍ አገላብጬ አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ አለም በር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጀመሪያ በቀኝ ትከሻዬ፣ እሱ ሲላጥ በግራዬ ተሸክሜው ስለሄድሁ ነው። መንገድ ላይ ያገኙኝ ገበሬዎች ሁሉ «እግዜር ያበርታዎ» አሉኝ። «ምነው፣ ይህ ነገር አንቱን አልነበረም ወይ መሸከም የነበረበት?» ያለኝ አንድም የለም። የእኛ አገር ሰው ጨዋ ነው። የመከራዬ ሁሉ ምንጭም ይኸው ጨዋነት ነው።

እኔ ወፍራም ነኝ። ይህችን ቃል እዚህ ጻፍኋት እንጂ ስለ እኔ ከሰው አፍ ስትወጣ ሰምቻት አላውቅም። ጎረቤቴ «ተመችቶሃል» ይለኛል። የሰበካችን ቄስ «ግርማ አገኘህ» ይሉኛል። ዘይትና ሳሙና የምገዛባት ባለሱቅ «አምሮብዎታል መምህር» ትለኛለች፤ ይህን የምትለኝ እኔን ለማስገባት በሩ ላይ ያለውን የድንች ጆንያ እየጎተተች ነው። ባጃጅ ነጂዎች ደግሞ «መምህር፣ መሀል ላይ ይሁኑልን» ይሉኛል። ለብዙ ጊዜ ክብር መስሎኝ ነበር። መሀል የሚያስቀምጡኝ ባጃጇ ወደ ጎን እንዳትጋደም መሆኑ የገባኝ አንድ ቀን ዳገት ስንወጣ የፊት ጎማዋ ከመሬት ስትነሣ ነው። ነጂው ዞሮ እንኳ አላየኝም። «መንገዱ ተበላሽቷል እኮ» አለ። መንገዱ ገና መነጠፉ ነበር።

በዚህ ሁኔታ እስከ ዕለተ ሞቴ አምሮብኝ እኖር ነበር፤ ጉልበቴ አስቸገረ እንጂ። እናቴ ከአለም በር ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብላ ባለች መንደር ትኖራለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። እሑድ እሑድ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ የሳምንቱን ወሬ እነግራታለሁ፤ እሷም የመንደሩን ትነግረኛለች። በሕይወቴ ሳላጓድል የፈጸምሁት ብቸኛ ሥራ ይህ ነው። ከሚኒባስ ወርጄ እስከ ደጇ ያለችው አቀበት ታዲያ በልጅነቴ አቀበት አልነበረችም። አሁን ግን እየቆምሁ፣ የተፈጥሮን ውበት የማደንቅ እየመሰልሁ ነው የምወጣት። ያለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ መሀል መንገድ ተቀምጬ ቀረሁ። ውበቱን ለረጅም ጊዜ አደነቅሁ።

ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የሐዋሳ ልጅ። የሐዋሳ ልጅ በመሆኑ አገሩ ሁሉ ሜዳ ይመስለዋል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ደልደል ብለዋል» አለኝ።

«ወፍረሃል ማለትህ ነው?»

«ኧረ! እንደሱ አልወጣኝም!»

«ታዲያ ጉልበቴን ምን አመመው?»

«ብርዱ ይሆናል» አለ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ። ስጨቀጭቀው ግን ወረቀቱን እያየ ተናገረ፤ ወረቀቱ ቅር አይለውም። «እንዲህ ከቀጠለ መጀመሪያ ምርኩዝ፣ ከዚያ ደጋፊ፣ ከዚያ ደግሞ... ቤት መዋል ይመጣል። ቁልቁለትና ዳገት በእግር መሄድ ይጎዳዎታል። ብስክሌት ቢነዱ ጉልበትዎ ሳይጨነቅ ይጠነክራል፤ ሌላውም ነገር ይስተካከላል። አስፋልት ላይ ከሆነ የኮርስ ብስክሌት ጥሩ ነው።»

«ሌላውም ነገር» ያለው ሆዴን ነው።

ቤት መዋል ማለት እናቴን አለማየት ማለት ነው። ወይም በቃሬዛ መሄድ። ስለ ቃሬዛ ሳስብ የዕድራችን ሰዎች ፊት ይታየኛል። አንዳንዶቹ ሰላም ሲሉኝ ሳያውቁት ትከሻቸውን የሚያሹ ይመስለኛል። እነሱን ከዚህ ፈተና ለማዳን ስል ብስክሌት ለመግዛት ወሰንሁ።

ኮርስ የሚባለው እሽቅድምድም ላይ የምናየው፣ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ብስክሌት ነው። ለባልደረቦቼ «ኮርስ ልጀምር ነው» ብላቸው «በዚህ ዕድሜህ? ሦስተኛ ዲግሪ አማረህ?» አሉኝ። ማስረዳቱ ስለደከመኝ እንኳን ደስ ያለህ ሲሉኝ አሜን ብዬ ተቀበልሁ።

እኔ አንድ ነገር ከማድረጌ በፊት ስለ ነገሩ የማነብ ሰው ነኝ። ብዙ ጊዜ ካነበብሁ በኋላ ነገሩን ማድረጉ አያስፈልገኝም። ስለ ብስክሌት ያነበብሁትን ያህል ብስክሌት ብነዳ ኖሮ ይህን ጊዜ የመርፌ ቀዳዳ ያሾልከኝ ነበር። ከንባቤ የተረዳሁት ይህ ነው። ለከባድ ሰው ብስክሌት ሲመረጥ ቴላዮው፣ ማለትም ዋናው አካሉ፣ ብረት ይሁን። የኋላው ቸርኬ ጠንካራ፣ ሽቦዎቹም ችምችም ያሉ ይሁኑ፤ ሰውየውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና። ጎማው ከተለመደው ኮርስ ሰፋ ይበል። ፍሬኑ አደራ። ቀላልነት የሚባለውን ነገር እርሳው፤ ከራስህ ላይ ያልቀነስኸውን ክብደት ከብስክሌቱ ላይ ብትቀንስ ምን ይረባሃል? ይህን ሁሉ አመንሁበት። ከሁሉ በፊት ግን ክብደትህን በትክክል እወቅ ይላል።

የሐኪም ቤቱ ሚዛን ስወጣበት መርፌው ሄዶ ሄዶ ጫፍ ላይ ቆመና መናገር ተወ። ስለዚህ ወደ እህል በረንዳ ወረድሁ። ባለሚዛኑ የማውቀው ሰው ነው። በጤፍ ጆንያ ቦታ ቆምሁ።

«ስንት ሆንሁ?»

«ቆይ፣ ጫማዎን እንቀንስ እንጂ» አለ። ቀነሰ። «ኮቱም የክረምት ነው።» ቀነሰ። «ቁርስ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

«በሉ እሱም የእርስዎ አይደለም፤ ይቀነስ። ኪስዎ ውስጥ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው።»

«መጽሐፍማ ከባድ ነው!» ይህንንም ቀነሰ። በመጨረሻ የነገረኝ ክብደት የአንድ ሙሽራ ክብደት ነበር፤ ለዚያውም የከሳ ሙሽራ። ይህ ሰው የገበሬውን እህል እንዴት እንደሚመዝን ያኔ ገባኝ። ባለሚዛኑ እየመረቀኝ ወጣሁ። ስንት እንደምመዝን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አዱኛ የሚባል የስፖርት መምህር ባልደረባ አለኝ። ቀጭን ነው፤ ንፋስ ባለበት ቀን ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ዓይነት። ባሕር ዳር አንድ የብስክሌት ነጋዴ ያውቅ ስለነበር አጠገቤ ተቀምጦ ደወለለት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁለታችን እንዲሰማ።

«ጠንካራ የኮርስ ብስክሌት ፈልገን ነበር» አለ አዱኛ።

«ለማን ነው?» አለ ነጋዴው።

አዱኛ አየኝ። ሆዴን አየ። ጣራውን አየ። አንድ አጭር ቃል ብቻ ይበቃው ነበር፤ ግን አጠገቤ ተቀምጦ፣ ቡናዬን ጠጥቶ፣ እንዴት አድርጎ ይበለው?

«ለ... ለከባድ ሰው ነው።»

«ከባድ ሲሉ?»

«በጣም ከባድ። እዚህ ከተማ ውስጥ እንደ እሳቸው የሚከብድ ሰው የለም።»

ነጋዴው ከተቀመጠበት ሲነሣ ወንበሩ ሲንሿጠጥ ተሰማን። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጠገብዎ አሉ እንዴ?»

«አሉ።»

«ገብቶኛል። ስማቸውን አልጠይቅዎትም። ለእንዲህ ላሉ ሰው ምን እንደሚላክ እኔ አውቃለሁ፤ ለእኔ ይተዉልኝ።»

አዱኛ ስልኩን ዘጋና «ምን ያለ አስተዋይ ሰው ነው!» አለኝ። እኔም ሳይነገረው የሚገባው ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ በማግኘቴ ልቤ ተነካ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ከባድ ሰው ማለት የሚፈራ፣ የሚከበር፣ ሲገባ የሚነሡለት ሰው ነው። ቀላል ሰው ማለት ግን ስድብ ነው። «ቀለለብን» ከተባለ ሰውየው አለቀለት። ልጃችንን ከበደ ብለን እንሰይማለን፤ ቀለለ የሚባል ሰው ያጋጠመው ካለ እጁን ያውጣ። በዚህ ቋንቋ ተወልዶ፣ በዚህ ቋንቋ አድጎ፣ መክሳት የሚሆንለት ሰው እንዴት ያለ ጀግና ቢሆን ነው?

ብስክሌቱ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭኖ መጣ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወረደው። ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል። መሪው ላይ ሪባን ታስሮበታል። ቴላዮው የጃንጥላ ዘንግ ያክላል። የኋላው ቸርኬ ሽቦዎች የክራር ጅማት ነበሩ፤ ለዚያውም ግማሾቹ የተበጠሱበት ክራር፤ በአንደኛውና በሌላው መካከል ዶሮ ከነጫጩቶቿ ታልፋለች። ወዲያው ለነጋዴው ደወልሁ።

«ደረሰ ጌታዬ? ወደዱት?»

«ይህ እኮ ቀላል ነው!»

«ምን ጥያቄ አለው! ከዚህ የሚቀል እዚህ አገር የለም። ለከባድ ሰው ነው የመረጥሁት።»

«ወንድሜ፣ ከባድ ማለት... ወፍራም ማለቴ ነው። እኔ ወፍራም ነኝ።»

የተቀየመ በሚመስል ድምፅ «ኧረ እንዲህ አይበሉ ጌታዬ! ስለ ራስዎ እንዲህ ይባላል?» አለኝ።

«እውነቴን ነው፤ አይችለኝም።»

«ከድምፅዎ አያስታውቅም። ደህና ነዎት።»

ልመልሰው ወስኜ ነበር። ነገር ግን መናኸሪያው በር ላይ ቄሳችን አገኙኝ። አዲስ ዕቃ አይተው ሳይመርቁ ማለፍ አይሆንላቸውም። መስቀላቸውን አውጥተው «ሲሳይ ያድርግልህ፣ ደህና ያውልህ፣ ለከርሞ በመኪና ይለውጥልህ» ብለው መረቁት።

«አባ፣ አይችለኝም እኮ።»

«አይ አንተ ልጅ! አንተ ምን አለህና!»

የተመረቀ ዕቃ ደግሞ አይመለስም። ቢያንስ እኔ በምኖርበት ሰበካ አይመለስም። በዚያ ሳምንት ያየው ሁሉ «ያምራል» አለ፤ «ይችለኝ ይሆን?» ብዬ የጠየቅሁት ሁሉ «አንተ ምን አለህና!» አለ። ሰው ሁሉ ሲስማማ መቃወም የዘወትር ልማዴ ነው፤ ያን ጊዜ ብቻ፣ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ፣ በሕዝብ አስተያየት ለማመን ሞከርሁ። እሑድ ጠዋት ብስክሌቱን ይዤ ስወጣ ባለቤቴ «የዕድር አዋጥተሃል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ከከተማው እስክወጣ ገፋሁት። ቁልቁለቱ ሲጀምር ተቀመጥሁበት። ብስክሌቱ አንድ ጊዜ አቃሰተና መሄድ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ንፋሱ ፊቴን ሲነካኝ፣ ከጉና በኩል የሚመጣው ብርድ ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ፣ ቀለልሁ አልሁ። ከዚያ ፍሬኑን ያዝሁ። ፍሬኑም ጨዋ ነበር፤ እኔን ማስቆም እንደ ድፍረት ቆጥሮት መሰለኝ ዝም አለ። ጠበቅ አድርጌ ስይዘው አንድ ነገር ተፈናጥሮ ገደል ገባ። ፍጥነቱ ጨመረ። በጎች ሸሹ። አህዮች፣ በአህያ ታሪክ ባልተለመደ ሁኔታ፣ መንገድ ለቀቁ። እኔም የማውቀው ንባብ ሁሉ ጠፍቶብኝ «ወይኔ! ወይኔ! አለቅሁ!» እያልሁ መጮኽ ጀመርሁ።

መታጠፊያው ጋ ስደርስ ከመንገዱ ዳር ድንኳን ተጥሎ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ለቅሶ ቤት ነበር። መሪውን ወደ ሣሩ መለስሁት። የኋላው ቸርኬ ከሥሬ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተንጣጣ፤ ብስክሌቱ ተጣጠፈ፤ እኔም በግንባሬ ተደፍቼ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተዘረጋሁ።

በእኛ አገር የቅርብ ዘመድ የሚለቀስበት ደጅ ሲደርስ ከሩቅ ጀምሮ «ወይኔ» እያለ መጥቶ መሬት ላይ ይወድቃል። እኔም ይህን ሥርዓት አንድ ሳላጎድል ፈጽሜ ተገኘሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እንደ አዲስ ተላቀሰ። አራት አምስት ሰው ተረዳድቶ አነሣኝ።

«በቃ፣ በቃ ወንድም ዓለም። እኛስ ምን እንሁን?»

«ጎማዬ!» አልሁ፤ የተጣመመውን ቸርኬ እያየሁ።

«ምን አለ?» አለች አንዲት ሴት።

«ጓዴ ነው ያለው። አይ የጓደኛ ነገር! ያዙት እንጂ፣ ራሱን ሊጎዳ ነው!»

ያዙኝ። አስገብተው ከሽማግሌዎቹ አጠገብ አስቀመጡኝ። ሟቹ ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ መጠየቅም አልቻልሁም። ስማቸውን ሳያውቅ ግንባሩን የፈጠፈጠ ዘመድ ምን ተብሎ ይታሰባል? አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ። ንፍሮ መጣ። አልበላም አልሁ። «ሐዘንተኛ አይበላምና ተዉት አይባልም፤ አጉርሱት!» ተባለ። ለመክሳት በወጣሁበት ቀን፣ በሕይወቴ ያልበላሁትን ያህል፣ በማላውቃቸው ሰዎች እጅ፣ እያለቀሱልኝ ጎረስሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጥቂት ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መቼም እንዴት ያሉ ከባድ ሰው ነበሩ!»

«ከባድ ሲሉ?» አልሁ።

«የተከበሩ ነዋ። ቃላቸው የሚሰማ።» ግራና ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌላውም አለ መቼም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሸካሚ እየተቀያየረ ነው ያደረስናቸው። ጎልማሳው ሁሉ ወገቡን ይዞ ነው የዋለ።»

«ምን አገኛቸው?»

«ምንም! እሱ አይደል የሚገርመው? ደህና ነበሩ እኮ። ተመችቷቸው፣ ደልደል ብለው፣ አምሮባቸው። ጉልበቴን ይይዘኛል ይሉ ነበር፤ ብርዱ ነው አልናቸው። ባለፈው ገበያ እንኳ ሳገኛቸው፣ ደረቴን ያፍነኛል አሉኝ። 'ኧረ አንቱ ምን አለዎት!' ብዬ ስቄ ተለየኋቸው።»

ሽማግሌው ይህን ብለው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ድንኳን ውስጥ የእውነት አለቀስሁ። ይህኛው የጎማዬ አልነበረም። የማላውቀው ሰውዬ አሳዘነኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የማውቀው ሰውዬ አሳዘነኝ። «አልቅስ፣ ይውጣልህ» አሉኝ።

ተሰናብቼ ብስክሌቱን በትከሻዬ አደረግሁ። የዚያን አቀበትና ቁልቁለት ነገር፣ የጉልበቴን ጩኸት፣ አልነግራችሁም። አስፋልቱን ለቅቄ ወደ እናቴ ቤት በምትወጣው መንገድ ላይ እየተቀመጥሁ፣ እየተነሣሁ፣ አንዳንዴም በእጄ እየዳህሁ ደረስሁ። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ክንዴን ዳበሰች፤ ጉንጬን ዳበሰች።

«ምነው ልጄ፣ ከሳህ!»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለኝ። ዓይኗ ከመጥፋቱ በፊትም እንዲህ ትለኝ ነበር። ከዚያ እጇ ትከሻዬ ላይ ካለው ነገር ጋር ተገናኘ።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ብስክሌት ነው፣ እማ።»

ቴላዮውን በጣቷ ተከተለችው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። የተጣመመው ቸርኬ ላይ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች። «ውይ! ውይ! አጥንቱ ብቻ ቀርቷል እኮ! ምነው፣ የሚበላ አትሰጡትም?»

«እማ፣ ችግሩ እሱ አይደለም» አልሁ። «ችግሩ እኔ ነኝ። እኔ ወፍሬያለሁ።»

«ማነው ያለህ?»

አሰብሁ። ሐኪሙን፣ ቄሱን፣ ባለሚዛኑን፣ አዱኛን፣ ነጋዴውን፣ ያን ሁሉ ደግ ሰው በሐሳቤ ዞርሁት።

«ማንም አላለኝም።»

«ታዲያ!» አለች እናቴ፤ ክርክሩ አለቀ። የሚበላ ልታቀርብልኝ ግድግዳውን እየዳበሰች ገባች።

ብስክሌቱ አሁን ጓሮዬ ውስጥ አጥር ተደግፎ ቆሟል። ልብስ እናሰጣበታለን፤ እርጥብ ጋቢ ግን አይችልም። እኔ ያቺን አቀበት ከዚያ ወዲህ የምወጣት በምርኩዝ ነው፤ ሐኪሙ እንዳለው፣ በቅደም ተከተል። ሲያየኝ «ምርኩዙ ያምርብዎታል» አለኝ። እናቴ አሁንም እሑድ እሑድ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። እሷ ከዚህ ዓለም ከመሄዷ በፊት እኔ መቅረት አልፈልግም።

ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ደብረ ታቦር ከመጣህና መንገድ ላይ ካገኘኸኝ፣ መቼም አታጣኝም፣ ግርማ አገኘህ አትበለኝ፤ ተመችቶሃል አትበለኝ። ቁም፤ ዓይን ዓይኔን አይተህ፣ ሰው በሚሰማው ድምፅ «ወፍራም ነህ» በለኝ። ስምህንም ንገረኝ። እናቴ ማን እንዳለኝ ትጠይቀኛለች።